መንገዳችን በጀት ተይዞለታል? በፓርላማ የሚነሳን የመሠረተ ልማት ጥያቄ በሰነድ ለመከታተል የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

«የወረዳችን መንገድ ለምን ዘገየ?» የሚል ጥያቄ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያልተነሳበት ዓመት የለም። መልሱም ይታወቃል፤ «ትኩረት ተሰጥቶታል»። ጠያቂው ይቀመጣል፣ መላሹ ይቀመጣል፣ መንገዱም ባለበት ይቀመጣል። የዚህ ዋና ምክንያቱ ቁጥር የሌለው ጥያቄ መሆኑ ነው፤ ቁጥር ላልያዘ ጥያቄ ቁጥር የሌለው መልስ መስጠት ቀላል ነው።

መመሪያው ለጋዜጠኛ፣ ለአካባቢ ልማት ኮሚቴ፣ ውጭ ሀገር ሆኖ የትውልድ ቀዬውን ጉዳይ በቀጥታ ስርጭት ለሚከታተል ሰው፣ ለራሱ ለምክር ቤት አባልም ይሆናል። ምሳሌው መንገድ ነው። ስሌቱ ግን ለመስኖ ግድብም፣ ለመጠጥ ውሃም፣ ለኤሌክትሪክ መስመርም ያገለግላል።

1. ፕሮጀክቱ የማን እንደሆነ ይለዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት የፌዴራል መንግሥት የሚያስተዳድረው ዋና ዋናዎቹንና ክልሎችን የሚያገናኙትን መንገዶች ነው። እነዚህ በኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ሥር ናቸው። ወረዳን ከወረዳ፣ ቀበሌን ከቀበሌ የሚያገናኘው መንገድ በአብዛኛው የክልሉ ነው፤ የከተማ ውስጡ ደግሞ የከተማ አስተዳደሩ። የክልል መንገድ ይዞ ፌዴራል ሚኒስትር መጠየቅ «ጥያቄው ለክልሉ ይቅረብ» የሚል የአንድ መስመር መልስ አሰጥቶ ዓመቱን ያስበላል።

ሦስተኛ ባለቤትም አለ፤ እሱም የመንግሥት የልማት ድርጅት ነው። ኤሌክትሪክ፣ ቴሌኮም፣ ባቡርና ስኳር የሚገነቡት በድርጅት ነው፤ ገንዘባቸውም በአብዛኛው ከባንክ ብድር፣ ከቦንድና ከራሳቸው ገቢ እንጂ ከዓመታዊው የፌዴራል ካፒታል በጀት (ለግንባታና ለዘላቂ ንብረት ከሚመደበው) አይመጣም። በ2003 የተጀመረው የሕዳሴ ግድብ ዋነኛው ምሳሌ ነው። ስለዚህ የሰኔውን የበጀት ክርክር ብቻ የሚከታተል ሰው ከሀገሪቱ ትልልቅ ግንባታዎች የተወሰኑትን ጨርሶ አያያቸውም። ለእነሱ የሚፈለገው የድርጅቶቹ የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ የሚገመገመው የልማት ድርጅቶችን በሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ ነው።

ባለቤቱን ለማወቅ ፈጣኑ መንገድ በሥራው ቦታ የተተከለውን ሰሌዳ ማንበብ ነው። አሠሪ፣ ሥራ ተቋራጭ፣ አማካሪ መሐንዲስ፣ የውል ዋጋ፣ የተጀመረበትና የሚጠናቀቅበት ቀን ተጽፎበታል። ፎቶ ያንሱት፤ ኋላ ቀኑ ሲራዘም ሰሌዳውም ሊቀየር ይችላል። ሰሌዳ ሳይኖር የመሠረት ድንጋይ ብቻ ካለ ፕሮጀክቱ ገና ውል ላይኖረው ይችላል። ሣር የዋጠው የመሠረት ድንጋይ በሀገራችን ብርቅ አይደለም።

2. የምክር ቤቱን ዓመት ይወቁ

የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን መስከረም የመጨረሻው ሳምንት ሰኞ ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ መሃሉ ላይ የአንድ ወር ዕረፍት አለ። በመክፈቻው ዕለት ፕሬዚዳንቱ ለሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ የዓመቱን የመንግሥት ዕቅድ አቅጣጫ ያሰማሉ። ቀጥሎ በንግግሩ ላይ የድጋፍ ሞሽን (ንግግሩን የሚደግፍ የውሳኔ ሐሳብ) ቀርቦ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጥያቄ ይመልሳሉ። በዓመቱ ውስጥ ሚኒስቴሮች አፈጻጸማቸውን ለቋሚ ኮሚቴ፣ አንዳንዴም ለመላው ምክር ቤት ያቀርባሉ። ረቂቅ በጀቱ የሚመጣው ግንቦት ማለቂያ ወይም ሰኔ መግቢያ ላይ ነው፤ የሚጸድቀውም በሰኔ የመጨረሻ ቀናት፤ ሐምሌ 1 አዲሱ በጀት ዓመት ይጀምራል።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው፤ በሰኔ ለሚጸድቅ በጀት በሰኔ መጮህ ዘግይቷል። መሥሪያ ቤቶች የበጀት ጥያቄያቸውን አዘጋጅተው ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር የሚከራከሩት ከዚያ ከወራት በፊት ነው። በጀቱን አዘጋጅቶ የሚያቀርበው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ መርምሮ ያጸድቃል። አዲስ ፕሮጀክት እንዲገባ የሚፈልግ ጥያቄውን ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ያቅርብ። በሰኔ የሚሠራው ሥራ የተያዘውን ገንዘብ መመርመር ነው።

3. የበጀት ሰነዱን ከፍተው ሁለት ስሌት ይሥሩ

ጠቅላላ ድምሩ ዜና ይሆናል እንጂ ስለ መንገድዎ ብዙ አይነግርዎትም። የ2017 በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር፤ ከዚህ 451.3 ቢሊዮኑ መደበኛ ወጪ፣ 283.2 ቢሊዮኑ ካፒታል፣ 222.7 ቢሊዮኑ ለክልሎች ድጋፍ፣ 14 ቢሊዮኑ ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ። ካፒታሉ ከመቶ 29 ገደማ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት ጸደቀ። ሰኔ ላይ የተጻፈ ማስታወሻ ይዞ ጥር ላይ የሚከራከር ሰው በአሮጌ ቁጥር ነው የሚከራከረው፤ ተጨማሪ በጀት መኖር አለመኖሩን ሁሌም ያረጋግጡ።

የሚፈልጉት በበጀት አዋጁ አባሪ ነው። ካፒታል ወጪ በመሥሪያ ቤት ተከፍሎ፣ ከሥሩ ፕሮጀክቶች በስምና በኮድ ተዘርዝረዋል። በጎን በኩል የገንዘቡ ምንጭ ይታያል፤ ግምጃ ቤት፣ የውስጥ ገቢ፣ እርዳታ፣ ብድር። የፕሮጀክቱን ኮድ ይመዝግቡ። ስሙ ከዓመት ዓመት ሊቀያየር ይችላል፤ አንድ መንገድ «ሎት 1» እና «ሎት 2» ተብሎ በየራሱ ውል ለሚሠራ ክፍል ሲከፈል ደግሞ አንዱን ብቻ አይቶ «በጀቱ ተቀነሰ» ማለት ይመጣል።

ለምሳሌ ያህል 80 ኪሎ ሜትር መንገድ እንውሰድ። የውል ዋጋው 4 ቢሊዮን ብር፣ የውል ጊዜው 48 ወር ነው። 36 ወር አልፏል። እስካሁን የተከፈለው 45 በመቶ ነው፤ ቀሪው 2.2 ቢሊዮን ብር። የዘንድሮ በጀቱ 400 ሚሊዮን ብር ነው። 2.2 ቢሊዮንን ለ400 ሚሊዮን ያካፍሉ፤ 5 ዓመት ተኩል ይሆናል። ውሉ የቀረው ግን 12 ወር ነው። ሥራ ተቋራጩ ጎበዝ ይሁን ሰነፍ፣ ክረምቱ ይክበድ ይቅለል፣ መንገዱ በዚህ በጀት በጊዜው አያልቅም። ምክር ቤት ውስጥ «ተቋራጩ የአቅም ችግር አለበት» ሲባል ይህን ስሌት የያዘ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለው።

ሁለተኛው ስሌት ከአካላዊ አፈጻጸም፣ ማለትም መሬት ላይ ከተሠራው ሥራ መጠን ነው። አምና 31 በመቶ የነበረው ዘንድሮ 40 በመቶ ከሆነ በዓመት 9 ነጥብ ተራምዷል። የቀረው 60 በመቶ በዚህ እርምጃ ወደ 7 ዓመት ይጠጋል። ሁለቱ ስሌቶች ተቀራራቢ ሲሆኑ ዋናው ችግር ገንዘብ ሊሆን ይችላል። በጀቱ በቂ ሆኖ እርምጃው ብቻ ካዘገመ ችግሩ መሬት ላይ ነው፤ ወሰን፣ ዲዛይን፣ ጸጥታ ወይም ተቋራጩ።

የገንዘብ ምንጩን መርሳት የለብዎትም። የተያዘው ገንዘብ በአብዛኛው «ብድር» በሚለው ዓምድ ሥር ከሆነ ገንዘቡ ወረቀት ላይ እንጂ ካዝና ውስጥ ላይኖር ይችላል። አበዳሪው ቅድመ ሁኔታው እስኪሟላ አይለቅም፤ ዓመቱ ሲያልቅ «የበጀት አጠቃቀም ዝቅተኛ ነው» ተብሎ ይነገራል።

4. የብድር ማጽደቂያ አዋጅ ሲቀርብ

መንግሥት የሚዋዋለው የውጭ ብድር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 መሠረት ለምክር ቤቱ ቀርቦ በአዋጅ ይጸድቃል። መደበኛ ረቂቅ አዋጅ ለዝርዝር እይታ ለቋሚ ኮሚቴ ተመርቶ፣ የአስረጂ መድረክ (አዘጋጁ መሥሪያ ቤት ማብራሪያ የሚሰጥበት) ተካሂዶበት፣ ከሪፖርትና ከውሳኔ ሐሳብ ጋር ይመለሳል። የብድር ማጽደቂያ ግን በቀረበበት ዕለት ሊጸድቅ ስለሚችል አጀንዳው እንደወጣ ማንበብ ይሻላል።

አምስት ነገር ይፈልጉ፤ መጠኑና በየትኛው ገንዘብ እንደሆነ፣ የእፎይታ ጊዜው (ዋናው ገንዘብ መመለስ ሳይጀምር የሚቆይበት)፣ ጠቅላላ የመክፈያ ዘመኑ፣ ወለዱ ወይም የአገልግሎት ክፍያው፣ ወጪ ባልተደረገው ብድር ላይ የሚታሰብ ክፍያ መኖሩ። የመጨረሻውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ፕሮጀክት ሲዘገይ ያልተወሰደው ብድርም ሊያስከፍል ይችላል።

100 ሚሊዮን ዶላር፣ የ6 ዓመት እፎይታ፣ በ38 ዓመት የሚያልቅ፣ 0.75 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ያለው ብድር እንበል። ሙሉው ሲወሰድ የመጀመሪያ ዓመቶች ክፍያው በዓመት 750 ሺህ ዶላር ነው። ከእፎይታው በኋላ ዋናው ገንዘብ በ32 ዓመት እኩል ቢከፈል በዓመት 3.125 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ቀላል ብድር ነው፤ ክርክር የሚገባው የንግድ ብድር በ15 ዓመት ውስጥ በከፍተኛ ወለድ ሲመጣ ነው።

ቁጥሩ ግን በዶላር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ዶላር 57 ብር አካባቢ ሳለ ይህ ብድር 5.7 ቢሊዮን ብር ነበር፤ ምንዛሪው 120 ላይ ሲደርስ ያው ብድር 12 ቢሊዮን ይሆናል። አንድ ዶላር ሳይጨመር ማለት ነው። ስለዚህ የዕዳ ክርክር ስትሰሙ «በብር ነው በዶላር?» ሳትሉ ማጨብጨብም መደንገጥም አይገባም።

5. መልሱን ይተርጉሙ

የምክር ቤት አማርኛ የራሱ መዝገበ ቃላት አለው። ጥቂቶቹን እናንሳ።

«በጥናት ላይ ነው» ማለት ውልም በጀትም የለውም ማለት ነው። ተከታዩ ጥያቄ «የአዋጭነት ጥናት ነው የዲዛይን ጥናት? ማን ያጠናዋል? መቼ ያስረክባል?» ነው። በ2012 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ፕሮጀክቶች አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1210 ፕሮጀክት በጀት ከመያዙ በፊት ተጠንቶና ተገምግሞ እንዲያልፍ ያዛል፤ ስለዚህ ጥናት ሳይኖረው በጀት የተያዘለት ፕሮጀክት ካገኙ ያ ራሱ ጥያቄ ነው።

«በግዥ ሂደት ላይ ነው» ከዚያ ይሻላል። ጨረታው የወጣበትን ቀን ይጠይቁ፤ ጨረታው ተሰርዞ በድጋሚ ወጥቶ ከሆነም ስንተኛ ጊዜ እንደሆነ።

«የዲዛይን ክለሳ» ብዙ ጊዜ የዋጋ ጭማሪ መንገድ ጠራጊ ነው። ክለሳው ዋጋውን ስንት ያደርሰዋል? በማን ስህተት? የመጀመሪያውን ዲዛይን የሠራው አማካሪ ተጠያቂ ሆኗል? «የዋጋ ማስተካከያ» ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሲሚንቶ፣ ሬንጅ፣ ብረትና ነዳጅ ሲወደዱ በውሉ ቀመር መሠረት የሚከፈል ነው። ሁለቱን አደባልቆ የሚወቅስ ጠያቂ በቀላሉ ይረታል።

«የወሰን ማስከበር ችግር» ከሁሉ የተዘወተረው ነው፤ እውነትም ሆኖ ይገኛል። ቤት፣ እርሻ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የውሃ ቱቦ፣ የቴሌ ኬብል ሳይነሳ ማሽን አይገባም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 መሠረት ካሳ አስቀድሞ ይከፈላል፤ ዝርዝሩ በ2011 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ነው። ይህን አዋጅ ያሻሻለው ሕግ የካሳውን ጫና ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች አዙሮታል። ስለዚህ የፌዴራል መንገድ በወሰን ቢቆምም ካሳው የተያዘው ወይም ያልተያዘው በክልል በጀት ሊሆን ይችላል። የሚጠየቀው «ካሳው የማን በጀት ላይ ነው? ስንት አባወራ ቀረ? ምሰሶው እንዲነሳ ለመብራት ኃይሉ ተቋም ክፍያ ተፈጽሟል?» ነው። ምሰሶ ለማንሳት ክፍያ የሚጠባበቁ ሁለት መሥሪያ ቤቶች አንድ መንገድ ሙሉ በጋ ሊያስቆሙ ይችላሉ።

«40 በመቶ ደርሷል» ሲባል አይርኩ። ይህ ቁጥር የአፈር ቆረጣና ሙሌት፣ ድልድይና የውሃ መውረጃ ቱቦ፣ ሰብ ቤዝና ቤዝ ኮርስ (ከአስፋልቱ ሥር የሚነጠፉት ንጣፎች)፣ አስፋልትም ተደምሮ በክብደት የተሰላ ነው። 40 በመቶ የደረሰ መንገድ አንድም ሜትር አስፋልት ላይኖረው ይችላል። «ስንት ኪሎ ሜትር አስፋልት ለበሰ? ስንት ኪሎ ሜትር ቤዝ ኮርስ ደረሰ?» ብለው ይጠይቁ። የፋይናንስ አፈጻጸሙ ከአካላዊው በልጦ ከተገኘ ወዲያው ሌብነት አይበሉ፤ በመነሻው የተሰጠ ቅድመ ክፍያ በየክፍያው እየተቀነሰ ስለሚመለስ በመጀመሪያው ዓመት ክፍተቱ የተለመደ ነው። ውሉ ተጋምሶ ክፍተቱ ሲሰፋ ግን ተቋራጩ ለቅድመ ክፍያው ያስያዘው ዋስትና ጊዜው አልፎበት እንደሆነ ይጠየቅ።

«ተንከባላይ ፕሮጀክት» ደግሞ ከዓመት ዓመት እየተንከባለለ የመጣ ማለት ነው። አዲስ ፕሮጀክት እንዲከፈት የሚጮኽ ተመራጭ ይህችን ቃል በጥሞና ይስማት፤ ለአዲሱ የሚቆረጠው ገንዘብ ከተንከባላዩ ላይ ነው የሚነሳው። በእኛ ግምት የምክር ቤቱ የመሠረተ ልማት ክርክር ትልቁ ድክመት እዚህ ነው። ሁሉም የየምርጫ ክልሉን መንገድ ይጠይቃል፤ የትኛው ይቁምና የትኛው ቶሎ ይለቅ የሚል ግን እምብዛም አይሰማም።

6. የኦዲት ሪፖርቱን አይለፉት

የፌዴራል ዋና ኦዲተር ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለምክር ቤቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ በግንቦትና በሰኔ፣ ያለፈውን በጀት ዓመት የሚመለከት። መሥሪያ ቤቱ ያገኘው አስተያየት ነቀፌታ የሌለበት ነው? ከተወሰኑ ጉዳዮች በስተቀር ነው? ተቃራኒ ነው? ወይስ ኦዲተሩ ማስረጃ አጥቶ አስተያየት መስጠት አልቻለም? የመጨረሻው ከሁሉ የከፋ ነው። ከዚያ የክዋኔ ኦዲት የሚባለውን ይፈልጉ፤ ገንዘቡ በደረሰኝ ወጥቶ ይሆናል፣ ፕሮጀክቱ ግን ውጤታማ ነበር ወይ የሚለውን የሚመረምረው እሱ ነው። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ በግኝቶቹ ላይ ይፋዊ የሕዝብ መድረክ ሲጠራ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች ፊት ለፊት ይጠየቃሉ። ከዋናው አዳራሽ ይልቅ ዝርዝር መልስ የሚገኘው እዚህ ነው።

ድምፅ አሰጣጡ ላይ ብዙ አይቆዩ። ውሳኔ በተገኙት አብላጫ ድምፅ ያልፋል፤ በ2013 ምርጫ በሰኔው ዙር ውድድር ከተካሄደባቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን አንድ ፓርቲ ባሸነፈበት ምክር ቤት በጀት ወድቆ አያውቅም። ተቃውሞና ድምፀ ተአቅቦ በቃለ ጉባኤ መመዝገቡ ዋጋ አለው፤ ለውጥ ከተፈለገ ግን ቦታው ቋሚ ኮሚቴ ነው።

7. ጥያቄውን ጽፈው ለተመራጩ ይስጡ

ተመራጭ በዕረፍት ወቅት ወደ ምርጫ ክልሉ ሲመጣ የሚሰማው ሮሮ ነው፤ ይዞት የሚመለሰው ወረቀት ሲሰጠው ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። ለአንድ ጠያቂ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ስለሆነ ጥያቄው ሲነበብ ከአንድ ደቂቃ አይለፍ። እንዲህ ዓይነት፦

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ የ80 ኪሎ ሜትሩ መንገድ የውል ጊዜ 12 ወር ቀርቶታል። ያልተከፈለው 2.2 ቢሊዮን ብር ሲሆን የተያዘለት በጀት 400 ሚሊዮን ብር ነው። በዚህ አያያዝ ከ5 ዓመት በላይ ይፈጃል። የተከበሩ ሚኒስትር ተጨማሪ በጀት ሊጠይቁ አስበዋል ወይስ የውል ጊዜውን ሊያራዝሙ? ካራዘሙ ለዘገየበት ጊዜ ተቋራጩ የሚጠይቀው ካሳ ስንት ይገመታል?»

የመጨረሻዋ ጥያቄ ወሳኝ ናት። አሠሪው ክፍያ ሲያዘገይ ተቋራጩ ወለድና የማሽን ቆሞ ማደር ኪሳራ ይጠይቃል፤ ይህ በሪፖርት ተደብቆ የሚያድግ ወጪ ነው። በአንድ ጥያቄ ውስጥ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ ኔትወርክ አብሮ መጠየቅ ግን ትልቅ ስህተት ነው። ሚኒስትሩ ቀላሉን መርጦ ይመልሳል፣ ሰዓቱም ያልቃል።

8. ከስብሰባው በኋላ

መልሱ የተሰጠበትን ቀንና መደበኛ ስብሰባው ስንተኛ እንደሆነ ይመዝግቡ፤ «ባለፈው ብለዋል» ከማለት «በ18ኛው መደበኛ ስብሰባ ብለዋል» ማለት የበለጠ ክብደት አለው። የተባለው ሰነድ ካልተሰጠ በ2000 የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ማመልከቻው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ይገባል፤ መልስ እስከ 30 ቀን መሰጠት አለበት፤ ከተከለከሉ ቅሬታው ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል። «ስለ መንገዱ መረጃ ይሰጠኝ» ብሎ መጻፍ ማመልከቻን የሚገድል ነው። የሰነዱን ስም ይጥሩ፤ የቅርብ ወሩ የአማካሪ መሐንዲስ ወርኃዊ ሪፖርት፣ የውል ማራዘሚያ ደብዳቤ፣ የክፍያ ምስክር ወረቀት ማጠቃለያ። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይሁን፤ በእርስዎ ቅጂ ላይ የመዝገብ ቤቱ ማኅተምና ቀን ይረፍበት፤ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ለቀጣዩ ሰኔ የሚሆን አንድ ሠንጠረዥ አሁኑኑ ይክፈቱ፤ የፕሮጀክት ኮድ፣ የጸደቀ በጀት፣ በዓመቱ መጨረሻ የተከፈለ፣ አስፋልት የለበሰ ኪሎ ሜትር። ሁለት ዓመት ሲሞላ ሦስተኛውና አራተኛው ዓምድ መቀራረባቸውን ወይም መራራቃቸውን ያያሉ። ቀጣዩ ጥያቄዎ የሚጻፈው ከእነሱ ነው።